«ቀልቤን ሞላ» ነው «ቀልቤን ሙላ»?

አያቴ ሲሞቱ የተዉት ነገር ጥቂት ነው። አንድ ጋቢ፣ መቁጠሪያ ተስቢሃቸው፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው አንድ ደብተር።

ደብተሩ መንዙማ ነው፣ በዜማ የሚባል የሙስሊሞች የውዳሴና የልመና ግጥም፤ የተጻፈውም በአጀሚ። ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ ማለት ነው። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ በልጅነቴ ቁርኣን የቀራሁ ሰው ነኝ። ፊደሉን አውቃለሁ፣ አማርኛው የአፌ ነው። ምን ይከብደኛል ብዬ በሁለት ሳምንት ወደ እኛ ፊደል ልገለብጠው ተነሳሁ። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ።

የመጀመሪያዋን ሥራ ብቻ በደንብ ሠርቻታለሁ። ገጹን ሁሉ መስኮት ሥር አድርጌ በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ደብተሩን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ወረቀቱ በተገለጠ ቁጥር ይረግፍ ነበር።

ከዚያ ጣጣው መጣ። የዐረብኛ አናባቢ ምልክቶች ሦስት ናቸው፤ አማርኛ ሰባት ድምፅ አለው። «ኡ» እና «ኦ» በአንድ ምልክት ይጻፋሉ፣ «ኢ» እና «ኤ»ም እንደዚያው። «ጨ»፣ «ጰ» እና «ኘ» ደግሞ ጭራሽ የሉም። አንዱ ጸሐፊ ነጥብ ይጨምርበታል፣ ሌላው የሚቀርበውን ፊደል ይዋሳል። አያቴ «ጨ»ን በ«ሸ» ነበር የሚጽፉት። እኔ ይህን ሳላውቅ «ሻሊ» የሚባል አገር ስፈልግ ከረምኩ። ለካ ጫሊ ነው! ስንኙ የሚያወሳው ሸህ ጠልሃን ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ካልተጠመቅህ ሲባል ተቃውሞውን ከመሩት አንዱ ናቸው፤ በአማርኛ መንዙማቸውም ይታወቃሉ። ቦሩ ሜዳ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። እኔ ግን ጫሊን ካርታ ላይ በ«ሸ» እፈልጋለሁ።

ያኔ ተሸንፌ እማማ ዘንድ ሄድኩ። የአያቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ ፊደል አይለዩም። የገለበጥኩትን ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙኝ፣ አንዷ ስንኝ ላይ ግን አስቆሙኝ።

«ምን አልክ?»

«ቀልቤን ሞላ።»

«ቀልቡማ ከሞላለት ምን ሊለምን መጣ? ቀልቤን ሙላ ነው እንጂ ልጄ!»

አንዲት አናባቢ ናት። እኔ ጋ ሰውየው ጠግቦ ያመሰግናል፣ እሳቸው ጋ ደጅ ይጠናል። ወደ ኋላ ተመልሼ ሳየው ከገለበጥኩት ግማሽ ያህሉ እንዲህ ነበር። ልመናውን ሁሉ ወሬ አድርጌዋለሁ።

«እንግዲያው እርስዎ ይበሉልኝ፣ ልቅዳው» አልኳቸው። እምቢ አሉ። እንዲህ ደርቆ አይባልም፤ ቡና ይፈላ፣ እጣን ይጨስ። ሐሙስ ማታ ጠበቅኩ። አቦሉ ወጣ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ጀመሩ፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጠፋባቸው። እኔ ስልኬን ይዤ ተጎልቻለሁ። «ተቀበለኝ እንጂ!» ብለው ተቆጡኝ። ለካ አዝማቹን የሚቀበል ሰው ከሌለ የሚቀጥለው ስንኝ አይመጣላቸውም። ድምፄ የተሰነጠቀ ቆርቆሮ ነው፤ ቢሆንም ተቀበልኩ። እሳቸው ሳይደናቀፉ እስከ በረካ ወረዱት። እኔ አዝማቹን ተደጋጋሚ ነው ብዬ አንዴ ብቻ ነበር የጻፍኩት።

ከዚያ ወዲህ አካሄዴን ገለበጥኩት። መጀመሪያ እቀዳለሁ፣ ከጆሮዬ እጽፋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ከፎቶው ጋር አመሳክራለሁ። የዐረብኛ ቃላቱን መድረሳ የቆየ አንድ ደረሳ አየልኝ። እኔ በግምት አማርኛ አድርጌያቸው ነበር፣ ያሳፍራል።

አሁን የቀረኝ አንድ ገጽ ነው። ደብተሩ አምስት ስንኝ ይላል፣ እማማ ሰባት ይላሉ። ሁለቱን ከየት አመጧቸው ብላቸው «ወንድሜ ሲጽፍ ቸኩሎ ይሆናል» አሉኝ። ሰባቱንም ጻፍኩ፤ ከሁለቱ ጎን «ከእማማ አፍ» የሚል አለበት።