ጅቧ ጆሮዋን ብቻ ታንቀሳቅስ

ሌሊት 8 ሰዓት። ድሬ ተኝታለች። እኔና ላፕቶፔ አልተኛንም። ቬንትሌተሩ የዞረው ወደ እሱ ነው እንጂ ወደ እኔ አይደለም። እኔ ላብ ለምጄ ያደግሁ የዚህ ከተማ ልጅ ነኝ፣ ምንም አልሆንም። እሱ ግን ከጋለ ቀጥ ይላል፣ ቀጥ ካለ ደግሞ አለቀልኝ።

ሬንደር እያደረገ ነው፤ የሠራሁትን አኒሜሽን ወደ ተጠናቀቁ ሥዕሎች እየለወጠ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። በጠቅላላው 576 ፍሬም፣ ማለትም ተከታትለው ሲታዩ ፊልም የሚሆኑ ሥዕሎች፣ አለው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ቁጭ ብዬ ብጠብቀው ምንም አልረዳውም፣ ግን እንቅልፍም እምቢ አለኝ። ስለዚህ ልጻፍ።

ሥራው የልጆች መጽሐፍ ማስታወቂያ ነው። የጓደኛዬ መጽሐፍ። ሠዓሊ ናት፣ ሐረር ተወልዳ ያደገች። በጀጎል ግንብ ቀዳዳ እየሾለከች ሌሊት ሌሊት ከተማ ስለምትገባ አንዲት ትንሽ ጅብ ጽፋ፣ ሥዕሉንም ራሷ በውሃ ቀለም ሠራችው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባል የለ? እሷ ደግሞ «በሚያውቁት አገር ቢሄድስ?» ብላ ነው የተነሳችው። ሐረር ጅብን በደንብ ታውቀዋለች፣ ዋራባ ትለዋለች። ግንቡን አሚር ኑር ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለሰው በሮች አሉት፣ ለጅብ ደግሞ ቀዳዳ። ሌላው አገር ጅብ እንዳይገባ ያጥራል፣ እዚያ መግቢያ ይተዉለታል። አቦ፣ ከዚህ በላይ ምን የልጆች ታሪክ ይፈለጋል!

«አንድ ደቂቃ የማትሞላ፣ ሥዕሎቹ የሚንቀሳቀሱባት ነገር ሥራልኝ፣ በቴሌግራም እበትናታለሁ» አለችኝ። የሦስት ቀን ሥራ መስሎኝ እሺ አልኩ። ወር ተኩል ሆነኝ።

መጀመሪያ የገጠመኝ ጉድ ቀዳዳው ነው። የግንቡ ማለቴ አይደለም። ሥዕሉ አንድ ወረቀት ላይ ነው ያለው፣ ጅቧም ግንቡም ጨረቃውም አብረው። ጅቧ እንድትራመድ ከግንቡ ቆርጬ ላወጣት ይገባል። ሳወጣት በቦታዋ ጅብ የሚያህል ነጭ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ከጀርባዋ የነበረውን ግንብ፣ ማንም ያልሣለውን፣ ድንጋይ በድንጋይ እኔ ልሞላው ነው። ከዚያ እሷን ራሷን እቆራርጣለሁ፦ ራስ፣ ጆሮ፣ አራት እግር፣ ጅራት፣ እያንዳንዱ በየራሱ ሌየር፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ በሚነባበር ገጽ። የፊት እግሯን ወደፊት ስስበው ትከሻዋ ላይ ስንጥቅ ይከፈታል፣ እሱንም ቀለም ቀብቼ እደፍናለሁ። የሥጋ ቤት ሥራና የልብስ ሰፊ ሥራ በአንድ ላይ በለው።

አስኬድኳት። ውሻ ሆነች።

ጓደኛዬ አይታ ሳቀች። «ይቺማ የጎረቤት ውሻ ናት፣ መጥተህ እያቸው» አለችኝ። በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ሄድኩ። እዚያው ቅርባችን ሆኖ፣ ጅብ ሲበላ ቆሜ ሳይ በዕድሜዬ ይሄ ሁለተኛዬ መሆኑን ሳስበው አፈርኩ። ከግንቡ ውጪ፣ ሲጨልም፣ ሥጋ የሚያበላቸው ሰው ሲጣራ መጡ። ፎቶ የሚነሱት ሰዎች የሚያዩት አፋቸውን ነበር፣ እኔ እግራቸውን። የፊት እግራቸው ከኋላው ይረዝማል፤ ጀርባቸው ከትከሻ ወደ ኋላ እንደ ደንገጎ ቁልቁለት ይወርዳል። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚሄዱት፣ የጣሉትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው። በስልኬ ቀርጬ ቤት ስመለስ ፍሬም በፍሬም ቆጠርኩት። የጓደኛዬ ሥዕል ልክ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ራሷን ቀና፣ ጀርባዋን ለጥ አድርጌ ነው ያስኬድኳት።

ከሐረር ሳልመለስ፣ በነጋታው ጠዋት፣ መኪና ግርግርን በድምፅ ቀዳሁት። ልብስ ሰፊዎቹ ተደርድረው የሚቀመጡበት መንገድ ነው፣ ስሙም ከስፌት መኪናዎቻቸው ጩኸት የመጣ። አንዱ ሰፊ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። ለጅብ ፊልም ነው ስለው ቀና ብሎም አላየኝም።

ከዚያ አብዝቼ ሠራሁ። አሁን ጥፋቴ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። መራመዷ ሲሳካልኝ ደስ አለኝና ሁሉንም ነገር አንቀሳቀስኩ። ደመናው ይሄዳል፣ የመስኮቱ መጋረጃ ይወዛወዛል፣ ጅቧ ትዘላለች፣ ትስቃለች፣ ዓይኗን ትጠቅሳለች። ካሜራው ደግሞ በየጠባቡ መንገድ ውስጥ ይበራል። እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር።

የእህቴ ልጅ ሚጡ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰባት ጊዜ አስደገመችኝ። ሞቅ ብሎኝ መጽሐፉን አምጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ገለጠች። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ። ጅቧ ግንቡን ተደግፋ የቆመችበት ገጽ ላይ ስትደርስ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ቀና ብላ፦

«ይቺኛዋ ሞታለች እንዴ?»

እህቴ በሳቅ ሞተች። እኔ አልሳቅኩም። ጓደኛዬ ስንት ወር የደከመችበትን መጽሐፍ በ48 ሴኮንድ ገደልኩት። ማስታወቂያው ከዕቃው በላይ አምሮ ዕቃውን ባዶ አደረገው። ልጅቷ ሌላ ሲኒማ አይታ፣ ሲኒማው አለቀና ወረቀት ሰጠኋት።

ስለዚህ መቀነስ ጀመርኩ። ከመሥራት ይልቅ መቀነስ ያማል፣ በተለይ ሦስት ቀን የፈጀብኝን ዝላይ ስሰርዝ። ደመናው ቆመ። መጋረጃው ቆመ። ጥቅሻው ድሮም አስቀያሚ ነበር። አሁን ጅቧ ከቀዳዳው ስትወጣ አራት እርምጃ ትራመዳለች፣ ያቺ ሐረር ድረስ ያስኬደችኝ እርምጃ አልቀረችም። ከዚያ ትቆማለች፣ ልክ በገጹ ላይ እንዳለችው። የሚንቀሳቀሰው ጆሮዋ ብቻ ነው፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ አንዴ ቆም፣ አንዴ ዞር።

ፍሬሙንም ቀነስኩ። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው፣ እኔ ግን እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለማቆየው 12 ይበቃኛል። የቆየ የካርቱን ሠሪዎች ዘዴ ነው፣ ስንፍና ብቻ አይደለም። የውሃ ቀለም በጣም ከለሰለሰ ፕላስቲክ ይመስላል። ትንሽ ሲንገጫገጭ ግን የሰው እጅ እንዳለበት ያስታውቃል።

የቀረው ድምፅ ነበር። የግቢያችንን እማማ ለመንኳቸው። ግቢው ውስጥ ባጃጅ፣ ፍየል፣ የልጆች ጩኸት አለ፤ ፀጥ የሚለው ቁምሳጥኑ ብቻ ነው፣ ልብሱ ድምፅ ይውጣል። እማማን ወንበር አድርጌ የቁምሳጥኑ በር መሃል አስቀመጥኳቸው፣ ማይኩን ካፖርትና ጋቢ መካከል ሰቀልኩት። ቬንትሌተሩን አጠፋሁ፣ በድሬ ከሰዓት! «አንተ ልጅ፣ ልትቀብረኝ ነው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ተረት ተረት ብቻ ይበሉና ያቁሙ።»

«ተረት ጀምሮ ማቆም አለ እንዴ?»

አላቆሙም። ላባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ የማላውቀውን የጦጣና የጅብ ተረት ከነድምፁ አወረዱት፣ እስከ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በጨው አብሱ» ድረስ። 11 ደቂቃ። ሁሉንም አስቀምጬዋለሁ። የተጠቀምኩት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።

መጨረሻው አሁን እንዲህ ሆነ፦ ጅቧ ቆማለች፣ ጆሮዋ ዞረ፣ እማማ «ተረት ተረት» ይላሉ። ከዚያ ምንም የለም። ሦስት ሴኮንድ ጭለማ፣ ድምፅም ሥዕልም የለ። ከዚያ የመጽሐፉ ሽፋንና የሚገኝበት ቦታ።

ጓደኛዬ ጭለማው ላይ ዋጋው ይጻፍ አለች። እምቢ አልኩ። ተጨቃጨቅን፣ አልጨረስንም። ትናንት ማታ ለሚጡ ሳሳያት «የላም በረት!» ብላ ጮኸች። ጭለማው ውስጥ ጠበቀች። ከዚያ «ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ። ይሄን ለጓደኛዬ አልነገርኳትም።

9 ሰዓት አለፈ። 312ኛው ላይ ደርሷል።

መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ሁለት ዙር ዞሮ ቆመ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ አብሮ ጠፋ። ይሄን በስልኬ ነው የምጨርሰው። ደግነቱ ከዚህ በፊት አንዴ ተቃጥዬ ስለተማርኩ፣ እንደ አንድ ቪዲዮ ሳይሆን ፍሬሙን በየፎቶው ነው የማስቀምጠው። የተሠራው 311 አለ፣ ሲመጣ ከ312 እቀጥላለሁ። ፍራሼን ይዤ በረንዳ ልወጣ ነው፣ እዚያ ትንሽ ነፋስ አለ።