የጃኬቴ ገመድ

ልጅ ሳለሁ ደብረ ማርቆስ አካባቢ በአንድ ሰርግ ላይ የጎረቤታችን ሽጉጥ ባረቀ። ጥይቱ የሙሽራውን አጎት ጭን በስቶ ወጣ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰውየው ተረፈ። ሽማግሌ ገባ፣ እርቅ ወረደ። በሰው ሁሉ አፍ ላይ የነበረው ቃል አንድ ነው። «ባረቀበት»። ሲሉት ስትሰማው ጎረቤታችን ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው እንጂ አንድ ነገር ያደረገ ሰው አይመስልም።

እኔም ቃሉን እንዲሁ ይዤው አደግሁ። የተውኩት እዚህ ቨርጂኒያ ነው፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ።

አሌክሳንድሪያ አቅራቢያ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ዘግቼ የቀኑን ገንዘብ ይዤ እወጣለሁ። ሁለት ጊዜ ሰዎች እስከ መኪናዬ ድረስ ተከትለውኛል። በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ ስልክ ላይ ነበረች፤ ትንፋሼን እየሰማች ታለቅስ ነበር። ፈቃድ ለማውጣት የወሰንኩት በዚያ ሳምንት ነው። ሽጉጥ መያዝ ይገባል አይገባም የሚለውን ክርክር ዛሬ አልነካውም። የምጽፈው ለያዘ ወይም ለመያዝ ላሰበ ወገኔ ነው።

ፈቃዱ ራሱ ከባድ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ የሚሰጠው የምትኖርበት አካባቢ ሰርኪዩት ኮርት የሚባለው ፍርድ ቤት ነው። 21 ዓመት መሙላት አለብህ። ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ፈቃዱ 5 ዓመት ያገለግላል። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የኦንላይን ስልጠና አይቀበሉም፣ በአካል መማር ግድ ነው። ይህ ለውጥ በጣም ጥሩ ነው እላለሁ። ስክሪን ላይ አይተህ የምትማረው ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሐበሻው በደንብ ይወቀው። ሽጉጥ ስትገዛ የምትሞላው የፌዴራል ፎርም የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞችህ ጋር የምትቅመው ነገር እዚህ አገር «ባህል ነው» ተብሎ አይታለፍም። ፎርሙ ላይ መዋሸት ደግሞ ሌላ ከባድ ወንጀል ነው። ጫቱን ወይም ሽጉጡን፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ።

አስተማሪያችን ጡረታ የወጣች ፖሊስ ነበረች። በመጀመሪያው ሰዓት ላይ እጄን አውጥቼ ስለዚያ ሰርግ ነገርኳት። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ሽጉጡ በራሱ ተኮሰ» አልኩ። ዝም ብላ አየችኝና «ጣቱ የት ነበር?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በፊት ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ጤነኛ የሆነ ዘመናዊ ሽጉጥ አንድ ነገር ምላጩን ካልነካው አይተኩስም አለችን። ጣት ሊሆን ይችላል። ቁልፍ ሊሆን ይችላል። የሸሚዝ ጫፍ ሊሆን ይችላል።

በእኛ ቋንቋ «ሽጉጥ» የሚለው ስም ራሱ ከመሸጎጥ የመጣ ነው። አባቶቻችን ቀበቷቸው ውስጥ ሸጎጥ ያደርጉት ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። የተሸጎጠ ብቻ የሆነ ሽጉጥ ስትቀመጥ ይንሸራተታል፣ ስትሮጥ ይወድቃል፣ ሲወድቅ ደግሞ ሰው በደመ ነፍስ ሊቀልበው ሲል ምላጩን ይይዛል። ከወደቀ ይውደቅ። አትቅለበው። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከስልክ ጋር መክተትም ያው ነው። ሽጉጡ የሚገባበት ማህደር ጠንካራ ፕላስቲክ ይሁን፣ ለያዝከው ሽጉጥ ሞዴል የተሠራ ይሁን፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን። ለስላሳ ጨርቅ ወይም ያረጀ ቆዳ ታጥፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀበቶውም የማይላላ ወፍራም ይሁን። እኔ ለማህደርና ለቀበቶ ያወጣሁት 140 ዶላር ነው። አንድም ቀን አልቆጨኝም።

አሁን የጃኬቱን ነገር ልንገራችሁ።

ባለፈው ጥር ነው። በጣም ብርድ ነበር። ሱቁ ጓዳ ውስጥ ሆኜ ለመውጣት እየተዘጋጀሁ ሽጉጡን ወደ ማህደሩ መለስኩት። ግማሽ ላይ ያዘኝ። ትንሽ ነው፣ የሆነ ነገር እንደሚያግደው ብቻ። እጄ ሊገፋው ነበር፣ እውነቴን ነው። ደክሞኛል፣ ባለቤቴ እየጠበቀችኝ ነው። ያን ጊዜ የአስተማሪዬ ድምፅ መጣብኝ። «ካስቸገረ አትግፋ። አውጣና እይ።» አወጣሁትና መብራት ስር አየሁ። የጃኬቴ የወገብ ገመድ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ምላጩ ዙሪያ ባለው ቀለበት ውስጥ ገብታለች። አንድ ጊዜ ገፋ ባደርገው ጥይቱ በጭኔ ያልፍ ነበር።

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ ይንቀጠቀጣል። ያ የሙሽራው አጎት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ብተኩስ ኖሮ አገር ቤት ተደውሎ የሚባለውን አውቀዋለሁ። «ባረቀበት።»

ያን ሌሊት ቤት ገብቼ በመቀስ የጃኬቶቼን ገመድ በሙሉ ቆረጥኩ። አራት ጃኬት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽጉጡን ወደ ማህደሩ ስመልስ ልብሴን በግራ እጄ ከፍ አድርጌ፣ በዓይኔ እያየሁ፣ ቀስ ብዬ ነው። ሲወጣ ፍጥነት ሊያስፈልግ ይችላል። ሲመለስ ግን የሚያስቸኩል ምንም ነገር የለም።

የት እንደማትይዘው ማወቅም የመያዙ አካል ነው። የቨርጂኒያ ፈቃድ ወደ ዲሲና ወደ ሜሪላንድ የሚወስደውን ድልድይ አይሻገርም። ዲሲ የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሜሪላንድ የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበልም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ጋ ስሄድ ሽጉጡ ቤት ይቀራል። አሌክሳንድሪያ ከተማም በ2020 በፓርኮቿና በከተማዋ ሕንጻዎች ውስጥ ሽጉጥ መያዝ ከልክላለች። ሽጉጥ ደብቀህ ይዘህ ሬስቶራንት ውስጥ መጠጣት ሕገ ወጥ ነው፣ አንድ ቢራም ቢሆን። ቤተ ክርስቲያን ይዤ አልሄድም። ስግደት ላይ ወገብህ ያለው ነገር ወዴት እንደሚዞር አስቡት፤ ደግሞም እዚያ የምሄደው ለሌላ ነገር ነው።

ፖሊስ ሲያስቆመኝ የምለውን ዓረፍተ ነገር መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጄዋለሁ። ሞተር አጠፋለሁ፣ የውስጥ መብራት አበራለሁ፣ ሁለት እጄን መሪው ላይ አደርጋለሁ። ፈቃድ እንዳለኝና ሽጉጡ ቀኝ ወገቤ ላይ እንደሆነ እናገራለሁ። ከዚያ እስኪነግረኝ ድረስ እጄ ከመሪው አይነሳም። ፊላንዶ ካስቲል በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ ሽጉጥ እንደያዘ ለፖሊሱ በትሕትና ነግሮት ነው የተገደለው። እሱም ፈቃድ ነበረው። ጥቁር ነኝ፣ አነጋገሬም ያስታውቃል። ይህን ሳስብ ሆዴ ይረበሻል፣ ግን አለማሰብ አልችልም።

ቤት ደግሞ ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ። በቨርጂኒያ ሕግ ከ14 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አደጋ በሚሆን ሁኔታ የጎረሰ ሽጉጥ በግድየለሽነት ማስቀመጥ ወንጀል ነው። ለእኔ ግን ሕጉ ባይኖርም ያው ነው። በሩን እንደገባሁ፣ ጫማ ሳላወልቅ፣ መጀመሪያ ወደ ብረት ሳጥኑ ነው የምሄደው። ሮጣ ስትመጣ «ቆይ የእኔ እናት» እላታለሁ። አሁን ለምዳዋለች፤ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። ሳጥኑ ተቆልፎ ድምፁን ስትሰማ ነው የምትሮጠው።

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ወር ፈቃዱን አወጣ። ትናንት ደውሎ «ጋሼ፣ የትኛውን ሽጉጥ ልግዛ?» አለኝ። እሁድ ቤት እንዲመጣ ነገርኩት። ሲመጣ የክረምት ጃኬቶቹን በሙሉ ይዞ እንዲመጣም ነገርኩት።