ቱሊፕ አምጣልን ለምትሉኝ የሐዋሳ ልጆች

ሚያዝያ ላይ ከዚህ ከሆላንድ አንድ የቱሊፕ አበባ ማሳ ፎቶ ከለጠፍኩ አለቀልኝ፤ የሐዋሳ ልጅ ሁሉ አበባ ነጋዴ ያደርገኛል። አንዱ «እርሻው ያንተ ነው?» ይላል። ሌላዋ «ወንድምዬ፣ ስትመጣ የዚያን የቀዩን ሥር ያዝልኝ፣ ግቢዬ ልትከለው» ትላለች። የአክስቴ ልጅማ ጭራሽ «መንገዱን አመቻችልኝና እዚያው አበባ እየቆረጥኩ ልኑር» አለኝ። ለሁላችሁም በአንድ አፍ ልመልስ።

እርሻው የእኔ አይደለም። የእኔዋ ከተከራየኋት ቤት ጀርባ ያለች፣ ሁለት ፍራሽ ቢዘረጋባት የምትሞላ መሬት ናት። ግን እወዳታለሁ። ሆላንድ ውስጥ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ወይም እንደሞላ ትጠልቃለች፤ ሰዉም አብሮ በሩን ይዘጋል። ያ ጨለማ ሳይገፈፍ፣ በጥር መጨረሻ፣ አንገቷን የደፋች ትንሽ ነጭ አበባ ብቅ ትላለች። ስኖውድሮፕ ይሏታል። ከሁሉም የምመርጠው እሷን ነው። ቀጥሎ ክሮከስ፣ በመጋቢት ቢጫው ዳፎዲል፣ በሚያዝያ ሃያሲንትና ቱሊፕ ይመጣሉ። ሃያሲንት ሲፈነዳ ሽታው በተዘጋ በር ይገባል፣ ቤቱ ዕጣን የተጨሰበት ይመስላል። ሁሉም የሚተከሉት በጥቅምትና በኅዳር ነው። ሽንኩርት የመሰለ ሥር በገንዘብህ ገዝተህ መሬት ትቀብርና ወራት ትጠብቃለህ፤ እናቴ ብትሰማ ጠበል ትወስደኝ ነበር። አበባው ከረገፈ በኋላም ቅጠሉ ራሱ ቢጫ ሆኖ እስኪደርቅ አይቆረጥም፣ ለከርሞ የሚሆነውን ስንቅ ወደ ሥሩ የሚያወርደው እሱ ነውና።

ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ናት፣ የመረረኝም በእሷ ቤት ነው። አንድ ቀን ቡና ጠራችኝ። እዚህ ቡና በቀጠሮ ነው፤ አንዲት ብስኩት ታነሳለህ፣ ቆርቆሮው ይከደናል፤ ነገሩ አቦል ላይ ያበቃል፣ ቶናና በረካ ብለህ እንዳትጠብቅ። ከብስኩቱ በኋላ አንድ የታሸገ ፓኬት አወጣች። ፎቶው ላይ ልቡ ጥቁር ወይን ጠጅ የሆነ፣ ኮከብ የመሰለ ነጭ አበባ አለ። ጽሑፉ «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» ይላል። «በል ንገረኝ» አለችኝ፣ «እናንተ ጋ በየትኛው ወር ነው የሚያብበው? ተራራ ላይ ነው ሜዳ ላይ?»

የሐዋሳን ታቦር ተራራ ስወጣ ስወርድ ያደግሁ ልጅ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ሳባርር የዋልኩ ልጅ፣ የምመልሰው አጣሁ። በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ከመነጽሯ በላይ አየችኝና «እውነት ከኢትዮጵያ ነህ?» አለች። ጥገኝነት ስጠይቅ የመረመረኝ ሰውዬ እንኳ እንደዚያ አላላበኝም! ቤት ገብቼ ሳጣራ ነገሩ እውነት ነው፤ አበባው ከኢትዮጵያ እስከ ማላዊ የሚበቅል ነው። የሚያናድደው፣ የእኛው ልጅ ውርጭ ስለማይችል ጎረቤቴ በመኸር ሥሩን ቆፍራ አውጥታ እስከ ፀደይ ቤት ውስጥ ታስቀምጠዋለች። «ሐበሻው ብርድ አይወድም» ትላለች፣ እኔን እያየች።

ተበቀልኳት ግን። ስልኬን አውጥቼ የመስከረም ተራራ አሳየኋት፣ ከላይ እስከ ታች አደይ አበባ። «ማን ዘራው?» አለች። ማንም። «ማን ያጠጣዋል?» ክረምቱ። አላመነችኝም። አልፈርድባትም፤ እኛስ ብንሆን ለእንቁጣጣሽ ነቅለን ከያዝነው ወዲያ መቼ ዞር ብለን አይተነው እናውቃለን?

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ። አበባ እየቆረጥኩ ልኑር ያልከኝ፣ ስማ። እዚህ የቱሊፕ ማሳ ላይ የሚሸጠው ሥሩ ነው። ስለዚህ አበባው ደምቆ ሳለ መኪና ያልፍበትና አንገት አንገቱን ይቀላዋል፣ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ሥሩ እንዲሄድ። ጠዋት ቀይ የነበረው ማሳ ከሰዓት አረንጓዴ ነው፤ መጀመሪያ ሳየው ግፍ መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በበጋቸው መጋዘን ገብተህ ቆመህ ሥር ትልጣለህ። ያ ሽታውን ያደነቅሁልህ ሃያሲንት ሥሩ ላይ መርፌ የመሰሉ፣ በዓይን የማይታዩ ክሪስታሎች አሉበት፤ አቧራው አንገትህ ላይ ካረፈ ስታክ ታድራለህ። የቱሊፑ ደግሞ የጣትህን ጫፍ ይሰነጥቀዋል። ጓንት የግድ ነው፣ ወረቀት ለሌለው ሰው ግን ስለ ጓንቱ የሚጨነቅለት አለቃ አላየሁም። ደላላው «ቀላል የአበባ ሥራ» ብሎ ፎቶ ሲያሳይህ አበባውን ተወውና እጆቹን አሳየኝ በለው። አንተ እዚያ ባጃጅህን ስትዘጋ ፍቅር ሐይቅ ዳር የሚጠብቅህ ሰው አለ፤ እኔን የሚጠብቀኝ የቆሻሻ መለያው ገንዳ ነው፣ እሱም ሦስት ቀለም አለው።

ቱሊፑን በተመለከተ፣ እኅቴ፣ ነፍጌሽ አይደለም። ቱሊፕ አበባ ለማውጣት ከ12 እስከ 16 ሳምንት ከ9 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት። 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሐዋሳ ይህን ብርድ ከየት ታመጣለች? ቅጠል ብቻ አውጥቶ ያሳፍርሻል። አማሪሊስ ትከዪ፣ ካና ትከዪ፣ ሁለቱም አበቦች ብርድ አይለምኑሽም። ቱሊፕ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልሽ ግን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፤ ሙዙንና ማንጎውን አስቀድመሽ አውጪ፣ ከፍራፍሬ የሚወጣው ጋዝ ሥሩ ውስጥ ያለችውን እምቡጥ ይገድላታል። በመሀል መብራት ከጠፋ እኔ የለሁበትም።