ኮንቴይነር ያስቆመው ቃል

ሃምቡርግ ከሚገኘው ገዢያችን የመጣው መልእክት አጭር ነበር። የላክንላቸው የቅምሻ ሪፖርት ቡናው «ሳወር» (ኮምጣጣ) ነው ስለሚል፣ ማብራሪያ እስኪደርሳቸው ጭነቱ ይቁም ይላል። የታጠበ ይርጋጨፌ ነው፤ 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ፣ አንድ ሙሉ ኮንቴይነር። መኪናው ወደ ጅቡቲ ለመንቀሳቀስ ወረቀት ብቻ ነበር የቀረው።

ያንን ቡና የቀመስኩት እኔ ነኝ። ሎሚ ሎሚ የሚል፣ አበባ አበባ የሚሸት፣ ንጹሕ ቡና ነው። በቅጹ ላይ ከአሲዲቲ (ከቡናው ጎምዛዛነት) ጎን የጻፍኩት ቃል «ብራይት» (ብሩህ) የሚል ነበር። ታዲያ «ሳወር» ከየት መጣ?

የመጣው ከአንድ ትጉህ ወጣት ደብተር ነው። የሽያጭ ክፍል ባልደረባችን ነው፤ የእኛን ቅጽ ተቀብሎ በእንግሊዝኛ ሪፖርት አድርጎ ይልካል። በዚያ ሰሞን አይኢኤልቲኤስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና እየተዘጋጀ ስለነበር የምሳ ሰዓቱን ሁሉ የሚያሳልፈው ተመሳሳይና ተቃራኒ ቃላት ሲያጠና ነው። በዚያ ሪፖርት ላይ ሦስት ናሙናዎች ነበሩ፤ ሦስቱም «ብራይት አሲዲቲ» የሚል ተጽፎባቸዋል። ያው ቃል ተደጋግሞ ሲያየው አልወደደውም። አስተማሪውም ቃል አትድገሙ ሲል ሰምቶታል። ስለዚህ በዚህኛው ቡና ላይ «ሳወር» ብሎ ተካው።

«ጋሼ፣ መጽሐፉ እኮ አንድ ናቸው ይላል» ብሎ ደብተሩን ዘረጋልኝ። በግራ በኩል «አሲዲክ» ይላል፤ በቀኝ በኩል በተርታ «ሳወር፣ ታርት፣ ሻርፕ» ተደርድረዋል፤ ሁሉም ስለ መኮምጠጥ የሚነገሩ ናቸው። ተቃራኒው ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ከሥር ተጽፏል፤ «አልካላይን፣ ስዊት»። በጥንቃቄ የተያዘ፣ የሚያምር ደብተር ነው። መጽሐፉም አልዋሸም፤ መዝገበ ቃላትን የገለጠ ሰው ሁሉ ያንኑ ያገኛል።

ችግሩ በቅምሻ ጠረጴዛ ላይ እነዚህ ቃላት ጎራ ለይተው መቆማቸው ነው። ስፔሻልቲ ኮፊ አሶሲዬሽን የተባለው የቡና ባለሙያዎች ማኅበር ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የቅምሻ መመሪያ፣ አሲዲቲው መልካም ሲሆን «ብራይትነስ»፣ መጥፎ ሲሆን «ሳወር» እንደሚባል በግልጽ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ገዢ ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍልበት ጠባይ ነው። ሁለተኛው እሸቱ ተለቅሞ ሳይፈለፈል ሲያድር፣ ወይም በማብላያው ገንዳ ውስጥ ከልኩ በላይ ሲቆይ የሚመጣ ጉድለት ነው። ገዢው «ሳወር» የሚለውን ሲያነብ ያየው የተበላሸ ቡና ነው፤ አልፈርድበትም።

ልጁን ግን መገሠጽ አልፈለግሁም። ከምሳው ቀንሶ የሚማርን ሰው ማሸማቀቅ በደል ነው። ስለዚህ በራሳችን ቋንቋ ጠየቅሁት።

«የጎረቤትህ አባት ቢሞቱ ለሐዘንተኛው ልጅ ምን ትለዋለህ?»

«አባትህ አረፉ እለዋለሁ።»

«ተሰዉ አትለውም?»

«ጦር ሜዳ አልነበሩማ!»

«ውሻውስ?»

«ውሻማ ሞተ ነው እንጂ።» ይህን ብሎ ዝም አለ፤ ደብተሩንም መልሶ ማየት ጀመረ።

ለገዢው ዋናውን የቅምሻ ቅጽ ከማብራሪያ ጋር ላክንለት፤ በእጁ ያለውን ናሙና ራሱ እንዲፈርድበትም ጠየቅነው። እነርሱም ደግመው ቀምሰው ጭነቱን ለቀቁት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ሪፖርት ከመላኩ በፊት ወደ ጥራት ክፍል ተመልሶ ይነበባል።

እኔ ግን ከዚያ በላይ የምደሰተው በኋላ ባደረግነው ነገር ነው። ያንኑ ይርጋጨፌና ከልኩ በላይ በመብላላቱ የጣልነውን አንድ ናሙና ጎን ለጎን ለልጁ ቀዳንለት። ፍል ውኃ ፈስሶበት አራት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ላዩ ላይ የጋገረውን ቡና በማንኪያ ገፋ አድርጎ አሸተተ፤ ቀዝቀዝ ሲልም በኃይል እየሳበ ቀመሰ። በመጀመሪያው ስኒ ፊቱ ፈካ። በሁለተኛው ግንባሩ ተኮማተረ፤ «ይኼ ኮምጣጤ ነው!» አለ። ሁለቱን ቃላት ዳግመኛ አያምታታቸውም፤ ልዩነታቸውን ምላሱ ይዞታል።

ተቃራኒ ቃላት ላይ ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ሰፋ። «ላይት» (ፈካ ያለ ወይም ቀላል) የሚለውን እንውሰድ። ስለ አቆላል ሲነገር ተቃራኒው «ዳርክ» (ጠቆር ያለ) ነው፤ አፍ ውስጥ ስለሚሰማው የቡናው ውፍረት ሲነገር «ሄቪ» (ከባድ) ወይም «ፉል» (ሙሉ)፤ ስለ ጆንያ ክብደት ሲሆን ደግሞ «ሄቪ» ብቻ፤ «ፉል» ካልን ጆንያው ሞልቷል ማለታችን ይሆናል። «ብራይት» የሚለውም እንዲሁ ነው። የተማሪው መጽሐፍ ተቃራኒውን «ዳርክ» ይለዋል፤ ይህን በቅምሻ ሪፖርት ላይ ያየ ሰው ግን ቡናው ተቃጥሎ ተቆልቷል ብሎ ይረዳል። በስኒው ውስጥ የ«ብራይት» ተቃራኒ «ፍላት» (ደብዛዛ) ነው። አንድ ቃል ስንት ትርጉም እንዳለው ለማወቅ ተቃራኒዎቹን ከነጎረቤቶቻቸው እንደመፈለግ ያለ መንገድ አላየሁም። ብቻቸውን የተሸመደዱ ጥንድ ቃላት ግን ለዚህ አይረዱም፤ እንዲያውም ያሳስታሉ።

ለፈተናውም ቢሆን የሚጠቅመው ይኸው ነው። በአይኢኤልቲኤስ የጽሑፍና የንግግር ክፍሎች የቃላት አጠቃቀም ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ነው፤ የሚታየውም የቃሉ ክብደት ብቻ ሳይሆን አብሮት ከሚሄደው ቃል ጋር መስማማቱ ጭምር ነው። ከባድ ቃል ያለቦታው የሰነቀረ ተፈታኝ ቀላሉን ቃል በቦታው ካስቀመጠው ያነሰ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

አሁን የልጁ ደብተር መልኩ ተለውጧል። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ከእውነተኛ ደብዳቤ የተቀዳ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ምስጋና ወይስ ነቀፋ መሆኑ፣ ተቃራኒውም ከየትኛው ስም ጋር እንደሚሄድ ይጻፋል። ከእርሱ ቀድተን በቅምሻው ክፍል ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ለጥፈናል፤ አንዱ ዓምድ ለምስጋና፣ ሌላው ለጉድለት ነው። «ታርት» የት ይግባ በሚለው ግን ገና አልተስማማንም። እርሱ ደንበኞቻችን ለቤሪ ጣዕም በምስጋና እየተጠቀሙበት ነው ብሎ ደብዳቤዎቻቸውን ያሳየኛል፤ እኔ ደግሞ ቃሉ «ሳወር»ን ይጎራበታልና ከጎኑ የፍሬው ስም ካልተጻፈ አይውጣ እላለሁ።