ኮንሰርት በጎጃም፦ ከመድረኩ በፊት በሩን አስቡት

ጥር 2010 ቴዲ አፍሮ ባሕር ዳር ስታዲየም ሲዘፍን ከደብረ ማርቆስ ተነስተን ሄድን። መንገዱ ከ250 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ እያልን ገባን። «ኢትዮጵያ» አልበሙ ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ለአዲስ ዓመት ዋዜማ አዲስ አበባ ላይ የታሰበው ኮንሰርት ፈቃድ አጥቶ በመቅረቱ ሰው በጉጉት አብዶ ነበር። ለእኛ ለጎጃሞች ደግሞ አልበሙ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር የሚያነሳ ዘፈን አለበት። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ድምፅ ሲዘፍን ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ኮንሰርት አይቻለሁ። ቲኬት መቁረጥ ቀላል ነው። አልጋ ቀድማችሁ ያዙ። ጃኬት አትርሱ፤ የማርቆስ ብርድ ምሕረት የለውም። ሌላው ሁሉ የበሩ ጉዳይ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ይህ የሌላ ኮንሰርት ታሪክ ነው፤ ከተማውንም አዘጋጁንም አልጠራም። ፖስተሩ «በር ከቀኑ 8 ሰዓት ይከፈታል፣ ቀድመው ይገኙ» ይላል። ታናሽ እህቴን ይዤ በሰዓቱ ደረስኩ። 8 ሰዓት አለፈ፣ 9 አለፈ፣ 10 አለፈ። በሩ የተከፈተው 11 ተኩል ላይ ነው። ያውም ሰፊው የመኪና በር ተቆልፎ፣ አንድ ሰው በጎን የሚያልፍበት ጠባብ የብረት በር ብቻ። ወንድ፣ ሴት፣ ሽማግሌ፣ ቪአይፒ የለ፤ ሁሉም በዚያች ቀዳዳ።

ከኋላ ግፊያው ሲጀምር እግሬ መሬት ለቀቀ። አጠገቤ ልጅ ያዘሉ እናት ነበሩ። «ኧረ ልጄን! ልጄን!» ይላሉ። እኔና አንድ ጎረምሳ እጃችንን ብረቱ ላይ ተክለን በመሃላችን ክፍተት ሠራንላቸው። ብረቱ ክርኔን ልጦታል፤ ጠባሳው አሁንም አለ። እህቴ «ጋሼ፣ ይቅርብን እንመለስ» አለችኝ። በየት በኩል እንመለሳለን? ጥበቃው ደግሞ ዱላውን ወደ ላይ ይዞ «ተሰለፉ!» ይላል። እግር ማንሻ በሌለበት ምን ሰልፍ አለ?

እንደምንም በሩ ጋ ስንደርስ አንዱ ቲኬታችንን ተቀብሎ ሙሉውን ኪሱ ከተተው። መግባታችንን የሚያሳየውን የቲኬቱን ቅሪት አልሰጠንም። ጥቂት እርምጃ እንደሄድን ሌላው «ቲኬት!» አለን። ሰጥተናል ብንል ማን ይሰማል። አስወጡን። አስተባባሪ ነኝ የሚል ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ጋ ሄድኩ። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ቲኬት የሌለው አይገባም» ብሎ ፊቱን አዞረ። ገንዘብ ከፍለን፣ ቆስለን፣ ዘፈኑን ከአጥር ውጭ ሰማን። ብሩ አልተመለሰም። ይቅርታ ያለንም የለም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

«ቀድመው ይገኙ» የሚባለውን እኔ አልቀበልም። በሩ ተከፍቶ ሰው መፍሰስ ሲጀምር ሂዱ፤ ዘፋኙ እንደሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አይወጣም። ቲኬታችሁን ሳትሰጡ ፎቶ አንሱት። ቅሪቱን ካልሰጧችሁ ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አትበሉ። ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ። ለቪአይፒም ገንዘባችሁን አታፍስሱ፤ ስፒከሩ ሥር ቤዝ ብቻ ነው የምትሰሙት። ድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን ዘርግቶ የተቀመጠበትን ፈልጋችሁ አጠገቡ ቁሙ። ድምፁን የሚያስተካክለው በራሱ ጆሮ ስለሆነ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

ደግሞ ባሕር ዳር ከሄዳችሁ አዝማሪ ቤት ሳትገቡ አትመለሱ። አንድ ምሽት ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ፊቴ ቆሞ «ተቀበል!» ያልኩትን ግጥም እያዞረ፣ እየጨመረ ሲመልስልኝ አመሸሁ። ቀስቱ ክሩን ሲነካ ፍትጊያው ሳይቀር ይሰማ ነበር። ማይክ የለ፣ ጄኔሬተር የለ። እህቴ በዚያ ኮንሰርት ያጣችውን ሁሉ እዚህ አገኘች፤ ትከሻዋ እስኪዝል እስክስታ መታች።

ስታዲየም ኮንሰርት ግን አልተውም። ደግ ዘፋኝ ጎጃም ከመጣ እሄዳለሁ። አዘጋጆችን የምጠይቀው ሰፊውን በር እንዲከፍቱ፣ ለሴቶችና ለአረጋውያን ሌላ መግቢያ እንዲያበጁ፣ ቅሪቱንም በእጃችን እንዲተዉልን ነው።