ንግሥተ ሳባ በአተር ልክ

ከስድስት ወር በፊት አንዲት ገጽ በእጄ አስመስዬ ልሠራ ተቀመጥኩ። ገጿ የፋርኔዜ መጽሐፈ ሰዓታት ከሚባለው የጸሎት መጽሐፍ ናት። አሠሪው ካርዲናል አሌሳንድሮ ፋርኔዜ ነው፤ በ14 ዓመቱ ካርዲናል ያደረጉት አያቱ፣ የሮማው ፖፕ ጳውሎስ ሣልሳዊ ናቸው። ሠዓሊው ጁልዮ ክሎቪዮ የክሮኤሺያ ተወላጅ ነው። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1546 ጨረሰ። ያኔ የነበረው የሠዓሊዎች ታሪክ ጸሐፊ ቫሳሪ 9 ዓመት እንደፈጀበት ጽፏል። መጽሐፉ ዛሬ ኒውዮርክ፣ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ነው።

ክሎቪዮ ሥዕሎቹን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ነው ያስቀመጣቸው። በአንድ ወገን ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ኢየሱስ ሲሰግዱ፣ በአንጻሩ ንግሥተ ሳባ ሰሎሞን ፊት። ይህን ሳይ ሌላ ገጽ መፈለግ አቆምኩ። እኔ ታሪኳን ፒያሳ፣ የስጦታ ዕቃ ሱቆች ውስጥ፣ በተርታ ተስሎ እያየሁ ነው ያደግኩት። ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ይህ መጽሐፍ ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ሮም ውስጥ ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ማሳተም ጀምረዋል። ይህን ሳውቅ ሥራው ይበልጥ ቀረበኝ።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ከኮምፒውተር ላይ መንደፌ ነው። ምስሉን አጉልቼ አጉልቼ፣ የልብሷን እጥፋት አንድ በአንድ እያየሁ ነደፍኩ። ከዚያ ገጹን በትክክለኛ ልኩ ፕሪንት አደረግኩት። ቁመቱ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 11። መዳፌ ላይ አስቀምጬ ደነገጥኩ። የኪስ ዳዊት ነው እኮ! ንድፌ ሁሉ በዚያ ልክ ሲሆን ጭቃ ሆነ። እንደገና ጀመርኩ፤ ከዚያ ወዲያ ፕሪንቱን እንጂ ስክሪኑን አላየሁም።

ብራናው የፍየል ነው፣ ከሚፍቁ ሰዎች የገዛሁት። ላዩን በሻካራ ድንጋይ ቀስ አድርጌ አሸሁት፤ ስቡ ካልወጣ ቀለም አይዝም። የእጅ ወዝም እንደዚያው ነው። አንድ ቀን መዳፌን አሳርፌበት የቆየሁበት ቦታ ሰማያዊውን እምቢ አለ። አሁን ከእጄ ሥር ሁልጊዜ ወረቀት አለ።

ሁለተኛው ጥፋቴ የባሰ ነው። ሥዕሉን አስቀደምኩ። ጽሑፉን ለመሥራት ብርዕ ሳነሳ አንዲት የቀለም ጠብታ የሰሎሞን ካባ ላይ አረፈች። የሁለት ሳምንት ሥራ! በዚያ ዘመን ጸሐፊው ይቀድማል፣ ሠዓሊው ይከተላል። በዚህ መጽሐፍም የቁም ጸሐፊው ፍራንቼስኮ ሞንቴርኪ ነበር። የኛም አገር ጸሐፊዎች ለሥዕል ቦታ ትተው ነው የሚጽፉት፤ ይህን እያወቅኩ ቸኮልኩ። ጠብታውን በምላጭ ጫፍ ፋቅኩት። ብራና ይቅር ይላል፣ ወረቀት ቢሆን አልቆለት ነበር።

ከሁሉ ያቆየኝ ፊቷ ነው። በኔ ቅጂ አተር ያክላል። ክሎቪዮ ገላን በነጥብ ነው የሚሠራው፣ እንደ ዱቄት በደቀቀ ነጥብ። መጀመሪያ እርጥብ ብሩሽ ይዤ ገባሁ፤ ብራናው ውሃውን ጠጥቶ ተኮማተረ። ቆይቶ ገባኝ። ቀለሙን በግራር ሙጫ ትለውሳለህ፣ ብሩሹን ትነክራለህ፣ ከዚያ ጨርቅ ላይ ትጠርገዋለህ፣ ምንም የቀረ እስከማይመስልህ። የቀረው ያ ነው የሚበቃው። በቀን ከአርባ ደቂቃ በላይ አልችልም ነበር፤ ዐይኔ ያለቅሳል። ጉንጯ ላይ ጥላ ለማምጣት ብቻ አሥራ አንድ ቀን ፈጀሁ። አሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት መስኮቱን ከፍቼ ሳያት ዞር ብላ የምታየኝ መሰለኝ። እህቴን ጠርቼ አሳየኋት። ዝም ብላ ቆየችና «ማናት?» አለች።

ወርቁ ቀላል ነበር። ዱቄቱን በሙጫ ለውሼ ቀባሁት፣ ሲደርቅ በልሙጥ ድንጋይ ወለወልኩት፣ በቃ።

አሁን ጥንዷን፣ የሰብአ ሰገልን ገጽ ልጀምር ነው። በዚህኛው ጽሑፉ ይቀድማል። ብራናው መወጠሪያው ላይ ነው፤ ገና አልደረቀም።