ንብ በሎቹ ጓዛቸውን ይዘው ነው የመጡት

ባለፈው ሰኔ ማለቂያ ላይ ከልጄ ጋር ከፍራንክፈርት በጠዋት ባቡር ይዘን ፍራይቡርግ ወረድን፣ ከዛ በትንሿ ባቡር ኢሪንገን። አካባቢው ካይዘርሽቱል ይባላል፣ የንጉሠ ነገሥት ወንበር ማለት ነው፣ በጥንት ጊዜ እሳተ ገሞራ የነበረ፣ ትልቁ ጫፉ 557 ሜትር፣ ዙሪያው በሙሉ የወይን ማሳ። ለጀርመን ሀገር ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ልጄ ገና ከጣቢያው ሳንርቅ ውሃዋን ጨረሰችው።

የሄድነው ንብ በል የሚባለውን ወፍ ልናይ ነው። ጀርባው ቡናማ፣ ጉሮሮው ቢጫ፣ ሆዱ ሰማያዊ፣ እንዴት እንደሚያምር! በጋውን አውሮፓ ይወልዳል፣ ብርዱ ሲመጣ አፍሪካ ይወርዳል፣ በኛም ሀገር ላይ ያልፋል፣ ልጅ ሆኜ ከመስቀል በኋላ ከላይ ፕሩት ፕሩት እያሉ ሲያልፉ ቀና ብዬ አይ ነበር። ድሮ የስፔን፣ የጣሊያን፣ የሀንጋሪ ወፍ ነበር የሚባለው፣ አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ግን ወደ ሰሜን ገፋ፣ ካይዘርሽቱል ላይ በፈረንጆቹ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየአመቱ ይፈለፍላል።

ለምን እዛ ብትሉ አፈሩ ነው። ሎስ ይሉታል፣ በበረዶ ዘመን ነፋስ ያመጣው አቧራ ተከምሮ የቀረ ነው፣ በጥፍር ትፍቀዋለህ ግን ግድግዳ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወፎቹ አንድ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ቆፍረው ገብተው እንቁላላቸውን ጨለማው ውስጥ ይጥላሉ።

ፈቃድ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ወፍ እየያዙ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራሉ፣ በጓደኛ በኩል ነበር ያገኘናቸው። ከግድግዳው ፊት ለፊት በቀጭን መረብ አንዱን ያዙና ክንፉን ዘርግተው ወደ ፀሐይ አደረጉት፣ "እዪ እዚ ጋ" አሏት ልጄን። እኔም ጎንበስ ብዬ ሳይ ላባው ውስጥ በክሮቹ መሀል ጥቃቅን ነጥቦች ተሰልፈዋል፣ በክር የተሰፉ ይመስላሉ። ማይት ናቸው፣ የመዥገር ዘመድ፣ ግን ደም አይመጥጡም፣ ላባው ላይ ያለውን ቅባትና ሻጋታ ነው የሚበሉት፣ ወፉንም ብዙም አይጎዱትም ብለውናል። እናቴ ዶሮዎቿን አመድ ላይ ስታንከባልል ያየሁ ልጅ ነኝ፣ ወፍ ላይ የሚገኝ ነገር ሁሉ ደም መጣጭ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ እንደዛ አይደለም።

ከዛ የአንገቱን ላባ በትንፋሻቸው እፍ ብለው ገለጡት፣ ቅማል! ንብ በል ላይ ብቻ የሚኖሩ ሶስት አይነት ቅማሎች አሉ፣ ሜሮፖከስ የሚባለው ጭንቅላትና አንገት ላይ ይቀመጣል፣ ምክንያቱም ወፍ የራሱን ጭንቅላት በመንቁሩ ሊለቅም አይችልም፣ ተንኮሉን አያችሁ? ቅማል ክንፍ የለውም፣ ስለዚ ከእናት ወደ ጫጩት በገላ ንክኪ ነው የሚተላለፈው፣ ወፉ ስፔን ይሁን ጀርመን የትም ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ልጄ "አባዬ አፍሪካም ሄደው ነበር ማለት ነው?" አለች፣ አዎ ሄደው ተመልሰዋል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ሽማግሌው በዝናብ ከተደረመሰ ጉድጓድ ያወጡትን ፍርስራሽ፣ አፈሩን ከንቦችና ተርብ ስባሪ ጋር፣ በብልቃጥ አድርገው የብርዱን ወራት አስቀምጠውት ነበር፣ ሙቀቱ ሲመጣ ሁለት ሚሊሜትር የማይሞሉ ጥቁር ዝንቦች ወጡበት። ካርነስ ይባላሉ። እነዚህ ደም መጣጭ ናቸው፣ ሙሽሬያቸው፣ ማለትም ትሉ ዝንብ ከመሆኑ በፊት ተሸፍኖ የሚቆይበት፣ አፈር ውስጥ ይከርምና ጫጩቶች በሚፈለፈሉበት ሰሞን ይወጣሉ፣ ጫጩት ሲያገኙ ክንፋቸው ተሰብሮ ይወድቃል፣ ከዛ በኋላ መሄድ የለም። እነሱ ከአፍሪካ አልመጡም'ኮ፣ እዚሁ አውሮፓ በጭልፊት፣ በጉጉት ጎጆ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፣ አዲስ የጫጩት ቤት ሲከፈትላቸው በርረው ይገባሉ። ስለዚ ወፉ አዲስ ሀገር ሲገባ ግማሹን ጥገኛ ተሸክሞ ይመጣል፣ ግማሹ ደግሞ እዛው ይጠብቀዋል።

ከማሳው ውስጥ አንድ ሰውዬ ቀረብ ብሎ ይሄ ቅማል ወደኛ አይመጣም ወይ፣ ጉድጓዶቹን ብንደፍናቸው አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ሲጠይቅ ከልቡ ነበር። ኧረ በጭራሽ! የወፍ ቅማል ሰው ላይ አይኖርም፣ ከወፉ ከወረደ በጥቂት ቀን ይሞታል። ጉድጓዱን መድፈን ግን ጫጩቶቹን በህይወት መቅበር ነው፣ እኔም ይሄን ሳስረዳው ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ልጄ እጄን ያዘችኝ። ሰውየው ግን ሰማን፣ ቆሞ ክንፉን አየ።

ሽማግሌው ደብተራቸው ላይ የቀለበቱን ቁጥር፣ ከጎኑ የቅማሉን ብዛት ፃፉና ወፉን ለልጄ ሰጧት፣ እንዴት እንደሚያዝ አሳይተዋት መዳፏን ከፈተች። በረረና ሽቦው ላይ አረፈ፣ ትንሽ ቆየና አንድ እግሩን አንስቶ ጭንቅላቱን አከከ።